ከዚራ የሚገኘው የቤተሰብ አፈላላጊ ቢሮ፦ የዘጠኝ ወር ደንበኛ አስተያየት

ታላቅ ወንድሜ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ሐረር ከተማ ውስጥ ለነበረ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ተሰጥቶ ከዚያ በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር ሄዷል። እኔ እናቴ ሁለተኛ ትዳር ከያዘች በኋላ በ1976 ዓ.ም. የተወለድሁ በመሆኔ አይቼው አላውቅም፤ ስሙን ግን ከማንኛውም ዘመድ ስም ይልቅ ደጋግሜ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ይህን ወንድሜን እንዲያፈላልግልኝ ድሬዳዋ ከዚራ ከሚገኝ አንድ አነስተኛ ቢሮ ጋር ከተዋዋልሁ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። በእነዚህ ወራት ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረቦቼም ስለ አገልግሎቱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ ያየሁትን ደጉንም ክፉውንም በጽሑፍ ማስፈሩ ይሻላል ብያለሁ። ከምስጋናዬ ጎን ከባድ ቅሬታም ስለማነሣ የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ የማሳደጊያውንም እንዲሁ፤ እሱማ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ለምን እንደተፈለጉ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ዜጎች እንዳይሰጡ በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1070 ከልክላለች። ክልከላው ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ሃያ ያህል ዓመታት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 የሚበልጡ ሕፃናት ሄደዋል፤ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሄዱት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ጉዳዩን ይከታተል የነበረው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በቀን ከአምስት በላይ ጉዳይ እንደማያስተናግድ ሲያስታውቅ፣ ይህ ቀድሞ ከነበረው ዘጠና በመቶ ያህል ቅናሽ መሆኑ በወቅቱ ተነግሯል፤ ቀድሞ በቀን ስንት ልጅ ያልቅለት እንደነበር ከዚህ ማስላት ይቻላል። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አድገው የወለዷቸውን ለመፈለግ ይጽፋሉ፣ ይመጣሉ፣ ገንዘብ ይልካሉ፤ ቢሮውም የቆመው በዋናነት ለእነሱ ነው። እዚህ ሆኖ የሄደውን የሚፈልግ እንደ እኔ ያለ ሰው ሁለተኛ ደንበኛ ነው። ይህን በሩን በገባሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው የተረዳሁት፤ የመመዝገቢያው ቅጽ "ልጁ የወጣበትን ፓስፖርት ቅጂ ያያይዙ" ብሎ ይጀምራል። ፓስፖርቱ ቢኖረኝማ ቢሮ ምን አስኬደኝ!

ቢሮው በከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር ካሉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ ሁለት ክፍል ይዟል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስለማያሠራ ባለጉዳይ የሚስተናገደው ጠዋት ብቻ ነው፤ ከመጋላ በባጃጅ ለሚመጣ ሰው ችግር የለውም፤ ከሐረር ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው ግን ማልዶ መሳፈርን ይጠይቃል። ሥራውን የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሥራ አስኪያጁ፣ ኮምፒውተሩን የያዘች አንዲት ወጣት፣ እና በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚገቡ፣ ቀድሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩ አንድ ጡረተኛ አዛውንት። ክፍያው 18,000 ብር ሲሆን በሦስት ይከፈላል፦ ሲሶው ሲመዘገቡ፣ ሲሶው ሰነድ ሲገኝ፣ የቀረው ደግሞ ከተፈላጊው ሰው መልስ ሲመጣ። የመጓጓዣና የውሎ አበል ለብቻው ይታሰባል። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና በዚህ በኩል እንከን ፈልጌ አላገኘሁም፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ እዚያው ይቆረጣል፤ ወደ ሐረር የተሄደበት የሚኒባስ ሒሳብ እንኳ ቀን ተጽፎበት ቀርቦልኛል።

ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ለመረዳት የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በሌላው ዓለም የዘመድ ፍለጋ የሚጀምረው ከልደት መዝገብ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የሚጀመርበት የልደት መዝገብ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል፤ ልደትና ሞት በመላ አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ በ1970ዎቹ ለሄደ ልጅ የሚገኘው ወረቀት የማሳደጊያው የመቀበያ መዝገብ፣ የልጁ የግል ዶሴ እና የፍርድ ቤት ፋይል ነው። የፍርድ ቤቱ የሚኖርበት ምክንያት ጉዲፈቻ በዚያው በ1952ቱ ሕግ መሠረት ውል በመሆኑና ውሉ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው የማይጸና በመሆኑ ነው። አዛውንቱ ፍለጋውን ሁልጊዜ ከዚህ ነው የሚጀምሩት። "ማሳደጊያ ሲዘጋ ወረቀቱ ከሰው ጋር ይሄዳል፤ ፍርድ ቤት ግን አይዘጋም" ብለውኛል፤ ስድስት ሺህ ብሬን የከፈልሁት ለዚህች ዓረፍተ ነገር ቢሆን እንኳ አይቆጨኝም ነበር።

የቤተ ክርስቲያን መዝገብም ሌላው መንገድ ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ሐረር ውስጥ የሠሩት የካፑቺን ሚስዮናውያንም ሆኑ ሌሎች የካቶሊክ ቁምስናዎች የተጠማቂውን ስም፣ የወላጆቹንና የክርስትና አባት ወይም እናቱን ስም በመዝገብ ይጽፋሉ፤ ልጁ አድጎ ሲያገባም በዚያው መዝገብ ኅዳግ ላይ ይጨመራል። የወላጅ ስም ባይገኝ እንኳ የክርስትና አባት ስም ወደ አንድ ሰፈር፣ ከሰፈሩም ወደ አንድ ቤት ያደርሳል። ወንድሜ ግን እንደ ኦርቶዶክሱ ሥርዓት በአርባ ቀኑ ጅጅጋ ተጠምቆ ስለነበር ይህ መንገድ ለእኛ አልሆነም፤ የክርስትና ስሙ ያለው በእናቴ ልብ ውስጥ ብቻ ነው።

የቦታ ስም ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በአሮጌ ዶሴ ላይ "የትውልድ ቦታ፦ ሐረርጌ ክፍለ ሀገር" የሚል ሲገኝ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያ ቃል በዚያ ዘመን ከጨርጨር እስከ ኦጋዴን ያለውን ምድር ሁሉ የሚጠቀልል ነበር፤ ዛሬ ያው ምድር በኦሮሚያ፣ በሶማሌ፣ በሐረሪ ክልልና በድሬዳዋ አስተዳደር ተከፋፍሏል። ከፍተኛና ቀበሌ የሚሉትም ቁጥሮች እንዲሁ ናቸው፤ የድሬዳዋ የከተማ ቀበሌዎች ዛሬ ዘጠኝ ብቻ ሲሆኑ፣ የድሮውን ቁጥር ይዞ የዛሬውን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚያንኳኳ ሰው የሌላ ሰው ሰፈር ውስጥ ነው የሚገኘው። በድሬዳዋ ላይ ደግሞ የ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ አለ፤ ያ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ፣ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የነበረውን ፎቶና ወረቀት ማን ቆጥሮት! የእናቴ ብቸኛ የወንድሜ ፎቶ ከዚያ አብሮ ሄዷል። ቢሮው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አዛውንቱ የድሮና የአዲስ ቀበሌዎችን ያመሳከሩበት፣ በእጅ የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር አላቸው፤ ከቢሮው ንብረት ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ይመስለኛል።

ኮምፒውተሩ ግን እንዲህ አያስመካም። ማሳደጊያው ከተዘጋ በኋላ ከመዝገቡ ተገልብጦ በአማርኛ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ የስም ዝርዝር ነበር፤ ቢሮው ይህን ዝርዝር ኤክሴል ላይ አስገብቶ ከዚያ ይፈልጋል። ወጣቷ የወንድሜን ስም ጻፈችና "የለም" አለችኝ። ስሙ በ"ኃ" የሚጀምር ነው፤ እሷ የጻፈችው በ"ሀ" ነበር። ለእኛ ጆሮ "ሀ"፣ "ሐ"፣ "ኀ" እና "ኃ" አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ "ሰ"ና "ሠ"፣ "ጸ"ና "ፀ"፣ "አ"ና "ዐ"ም እንዲሁ። በአራቱም "ሀ" ደግመን ስንፈልግ ስሙ አምስት ቦታ ወጣ። ይህ ከተዋዋልሁ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ከእኔ በፊት ስንት ሰው "የለም" ተብሎ እንደተመለሰ እግዚአብሔር ይወቀው። አሁን ፊደሎቹን ሁሉ ወደ አንድ የሚመልስ ነገር እንዳስገቡ ነግረውኛል።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ስሙ ካለባቸው አምስት ልጆች መካከል በ1970 ዓ.ም. ገባ ተብሎ የተጻፈው አንድ ብቻ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ሳያመሳክር፣ ለእኔም ሳይነግረኝ፣ በቅጹ ላይ ሁለተኛ ተጠሪ ብዬ ያስመዘገብሁት የእናቴ ስልክ ላይ ደውሎ "እንኳን ደስ ያለዎት፣ ልጅዎ ተገኝቷል" አላት። እናቴ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ የደም ግፊት ያለባት ሴት ናት። ከሥራ ስመለስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና እየተፈላ ነበር የደረስሁት። በማግስቱ ይዣት ሄድሁና ከዶሴው ላይ የነበረውን ጉርድ ፎቶ ሲያሳዩአት፣ መነጽሯን አውልቃ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጋ፣ ብዙ ሳታይ መለሰችላቸው። "ይህ ልጅ ጥርሱን ነቅሏል" አለች፤ "የእኔ ገና እያበቀለ ነበር።" በፎቶው ላይ ያለው ልጅ እውነትም የፊት ጥርሶቹ የወለቁ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ማንም ዕድሜውን አስልቶ አላየውም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ለሁለት ሳምንት ያህል እህል በወጉ አልበላችም። ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ጠይቋል፤ ይቅርታው ግን ለእኔ በስልክ እንጂ ለእሷ ቤት መጥቶ አልነበረም። እንዲህ ያለ ስህተት ከሥራው አስቸጋሪነት የመጣ ነው ለማለት አልችልም፤ አዲስ ወሬ ለማን፣ መቼ፣ በማን አፍ ይነገራል የሚለው የዚህ ሥራ ግማሽ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቢሮው የተጻፈ ደንብ የለውም። አገልግሎቱን የምትፈልጉ ሰዎች በቅጹ ላይ የአረጋዊ ወላጅ ስልክ አታስመዝግቡ።

ነገሩን ያቀኑት አዛውንቱ ናቸው፤ የቢሮውን ጥሩ ጎን ያየሁትም እዚህ ላይ ነው። በሚቀጥለው የሥራ ቀናቸው እናቴን ለብቻዋ አስቀምጠው፣ ቀኑን ሳይሆን ወሬውን ጠየቋት። "እትዬ፣ ልጁን ለሴቶቹ በሰጡበት ሳምንት ከተማው ውስጥ ምን ይወራ ነበር?" እናቴ ለአፍታም አላመነታችም፤ "ካራማራ ተያዘ ተብሎ እልል በተባለ በሳምንቱ ነው" አለቻቸው። ጅጅጋ በ1970 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ ወታደር የነበረው የመጀመሪያ ባሏ በዚያው ቀርቶ፣ እሷ ልጁን አዝላ በባቢሌ በኩል ሐረር ገብታ ነበር፤ ካራማራ ነፃ የወጣበት ዜና የደረሳት በወባ ወድቃ በሰው ቤት ተኝታ ሳለች ነው። ሕፃኑን የሰጠችው "እስክትድኚ እንያዝልሽ" ስለተባለች ነበር። የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን ነው፤ ሳምንቱ መጋቢት 3 ቀን 1970 ዓ.ም. ይሆናል።

አዛውንቱ ይህን ቀን በወረቀት ላይ ጽፈው፣ አጠገቡ በአውሮፓ አቆጣጠር 12.3.78 ብለው ጻፉና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዝርዝር እንደገና አስከፈቱ። ከአምስቱ የአንዱ ልጅ መግቢያ ቀን "12/3/78" የሚል ነበር። ወጣቷ ይህን ያለፈችው ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው ብላ ነው፤ የድርቁ ማግስት ስለሆነ ለእሷም ትክክል ይመስላል፤ ያኔ ማሳደጊያዎች ሁሉ ሞልተው ነበርና። የስምንት ዓመት ስህተት! ነገር ግን አዛውንቱ በግምት ብቻ አላመኑም፤ ዋናው መዝገብ ሐረር በአንድ ሰው እጅ እንደሚገኝ ያውቁ ስለነበር አብረን ሄድን። በሚኒባሱ ደንገጎን ስንወጣ ብዙም አልተነጋገርንም፤ አወዳይ ላይ ጫት የሚጭኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ግማሽ ሰዓት ቆመናል።

መዝገቡ ጨርቅ የለበሰ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ደብተር ነው፤ የዓምዶቹ ርዕስ በፈረንሳይኛ የታተመ ሲሆን ስሞቹ ግን በአማርኛ በብዕር ተጽፈዋል። አዛውንቱ ወደ ወንድሜ ስም አልሄዱም። መጀመሪያ ያገላበጡት የፊቱንና የኋላውን ገጾች ነው፤ ጣታቸውን በቀን ዓምድ ላይ እያወረዱ ሄደው አንድ ቦታ አቆሙና አሳዩኝ፦ 31.3.78። "በእኛ አቆጣጠር 31 የሚባል ቀን አለ?" አሉኝ። የእኛ ወር ሠላሳ ነው፤ ስለዚህ መዝገቡ በሙሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ በዚያች አንድ መስመር ተረጋገጠ። በሃያ ዓመት የሒሳብ ሥራዬ ብዙ መዝገብ መርምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ማስረጃ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ ወንድሜ መስመር ተመለሱ፦ ስም፣ "ሁለት ዓመት በግምት"፣ "ከጅጅጋ ተፈናቃይ"፣ 12.3.78።

የግል ዶሴው ውስጥ የነበረው ነገር ለእናቴ እንዴት እንደሚነገር እስካሁን አላውቅበትም፤ እዚህ የምጽፈው ግን ሌሎች ዶሴ ሲያነቡ እንዲጠነቀቁ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "እናት፦ የለችም" ተብሎ በጽሕፈት መኪና ተመትቷል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ሐምራዊ ቀለም የነካው የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ከሥሩ "የልጁ እናት" ይላል። በአንድ ዶሴ ውስጥ የሌለች እናት አሻራዋን አኑራለች። እናቴ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠረችም፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ማብቂያ ሲሆን ስሟን መጻፍ የተማረችው ያኔ ነው። ወረቀቱን የመታከሚያ ነው ብለው እንዳስፈረሟት ታስታውሳለች። እንግዲህ "ወላጆቹ ሞተዋል" ወይም "የለችም" የሚል ቃል በአሮጌ ዶሴ ላይ ያገኘ ሰው፣ በተለይም ውጭ አገር ያደገ ልጅ፣ ያን ቃል የመጨረሻ አድርጎ አይውሰድ፤ ገጾቹን ሁሉ፣ የፎቶዎቹንም ጀርባ ሳይቀር ያገላብጥ።

የፍርድ ቤቱ ፋይል የተገኘው ከዚህ በኋላ በሁለት ወር ነው። ጉዲፈቻው በ1972 ዓ.ም. መጽደቁን፣ አሳዳጊዎቹ የስዊድን ዜጎች መሆናቸውንና የቤተሰብ ስማቸውን ይናገራል። ስሙ ግን በአማርኛ ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው፤ በራሳቸው ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አይታወቅም። ለዓመታት የእኛን ስም እንዴት እንዳበላሹት ስናማ ኖረን፣ እኛም የእነሱን እንዲሁ አድርገነው ኖሯል! አዛውንቱ ይሆናሉ ያሏቸውን ሰባት አጻጻፎች ዘርዝረው ሰጥተውኛል። ሁለተኛውን ስድስት ሺህ ብር የከፈልሁት በዚህ ጊዜ ነው፤ ሳላቅማማ ከፍያለሁ።

ቢሮው የዘረመል ምርመራ ዕቃም ይሸጣል፤ በዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት የተከፈለ ነው። ምርመራው የሚጠቅመው የተፈለገው ሰውም በዚያው ኩባንያ ከተመረመረ ብቻ መሆኑን ሥራ አስኪያጁ ሲሸጥልኝ አልነገረኝም። የነገሩኝ አዛውንቱ ናቸው፤ ደግሞም "ከአንተ ይልቅ የእናትህ ይሻላል" አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እናትና ልጅ ግማሹን ይጋራሉ፤ በእናት ብቻ የምንገናኝ ወንድማማቾች ሩቡን ያህል ነው የምንጋራው፤ የአክስት ልጅ ደግሞ የዚያን ግማሽ። የእናት ምራቅ ባለበት ቤት የልጁን መላክ ገንዘብ መጣል ነው። ከምርመራው በፊት ለግማሽ ሰዓት ምንም መብላትና መጠጣት አይፈቀድም፤ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትቀምስም፤ ትእዛዙ አልከበዳትም። የከበዳት በሰው ፊት ትፍ ማለቱ ነው፤ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ በነጠላዋ ተከልላ፣ ደርቆ አልመጣ ያላትን ምራቅ በትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ለማጠራቀም ሃያ ደቂቃ ፈጅቶባታል። ኩባንያ ስትመርጡም ተጠንቀቁ፤ ከታወቁት አንዱ የሆነው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ብዙ ደንበኞቹ መረጃችን በማን እጅ ይገባል ብለው ተጨንቀው ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ያልተነገረኝን ነገር የሚመለከት ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ፣ በጦርነት፣ በአደጋ ወይም በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፤ ቅርንጫፍም በድሬዳዋም በሐረርም አለው። ወንድሜ ከእናቱ የተለየው በጦርነት ነው። ቢሮው ይህን ከመጀመሪያው ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ እኔ የሰማሁት በስድስተኛው ወር ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆችና እዚህ ያሉ ቤተሰቦች የሚመዘገቡበት "ቤተሰብ ፍለጋ" የተባለ ነፃ የመረጃ ቋትም አለ፤ ይህንንም አልነገሩኝም። ነፃውን ለባለጉዳይ ማሳወቅ ገበያ ያሳጣል ብለው ከሆነ ተሳስተዋል፤ መዝገቡ ላይ 31ን የሚያይ ዓይን በነፃ አይገኝምና ይህን ሥራ ለመግዛት ለማንኛውም እመጣ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ በአንድ ወቅት እናቴን "ከተፈረመ በኋላ በሕግ እናት አይደሉም" ብሏታል። ይህም ስህተት ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደተጠበቀ እንደሚቆይ ይናገራል። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል እኮ የወሰድነው ከኦሮሞው ባህል ነው፤ በዚያ ባህል ልጁ ቤት ይጨመርለታል እንጂ የወለዱት አይፋቁበትም። ሕጉ እንዲህ ማለቱ ግን የአንድ ጎልማሳን አድራሻ ያለፈቃዱ ለመጠየቅ መብት አይሰጥም፤ ቀይ መስቀልም የተፈላጊውን ፈቃድ ሳያገኝ አድራሻ አሳልፎ አይሰጥም፤ ይህ ለእናቴ ሲነገራት "ይሁን፣ እሱም ሰው ነው" ብላ ነው የተቀበለችው።

እንግዲህ ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምለው ይህ ነው። በእጃችሁ አሮጌ ወረቀት ካለ ወይም ማሳደጊያው የት እንደነበር ካወቃችሁ፣ ቢሮው ክፍያው ይገባዋል፤ አዛውንቱ በሚገቡበት ቀን ሂዱ፤ እሳቸው በሌሉበት የተባለውን ሁሉ እሳቸው ሲመጡ አስደግሙ። ልጃችሁ የሄደው ከ1990ዎቹ ወዲህ ከሆነና የላከውን ድርጅት ስም ካወቃችሁ ግን ከነፃዎቹ ጀምሩ። የትም ሂዱ፣ የወላጆቻችሁን ትዝታ እነሱ ባሉበት ጊዜ፣ በወሬው፣ በዝናቡ፣ በዘመቻው እየጠየቃችሁ ጻፉት፤ ቀን ቁጥር ብቻ አትጠይቁ።

ለወንድሜ የተጻፈው ደብዳቤ በግንቦት ወር በሁለት መንገድ ተልኳል፤ አንዱ በቢሮው፣ ሌላው በቀይ መስቀል በኩል። እናቴ ቃሏን ስትሰጥ ወጣቷ በኮምፒውተር ጻፈችው፤ እናቴ ግን ከታች አሻራ እንድታኖር የተሰጣትን የቀለም ሳጥን ገፍታ፣ እስክሪብቶ ጠይቃ ስሟን በእጇ ጽፋለች። እስከ ዛሬ፣ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ፣ መልስ የለም። ሦስተኛው ስድስት ሺህ ብር ስለዚህ ገና አልተከፈለም፤ እናቴ ከእኔ ተቀብላ በፖስታ አሽጋ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ቢሮው ሲደውል ገንዘብ ፍለጋ እንዳንዘገይ።